መኪና ልትገዢ ነው አሉኝ

ልጄ፣ መኪና ልትገዢ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በክረምት ብርድ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ልጅን ከመዋያ ለማውጣት ሁለት መስመር መቀየር፣ የተሻለ ደመወዝ ያለውን ሥራ መንገዱ አይመችም ብሎ መተው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ስንቱ ወገናችን ኑሮው የቀናለት መኪና ከያዘ በኋላ ነው። በመኪና ዕዳ ተጠላልፎ ያንኑ ኑሮ ሲያጣ ያየሁትም ጥቂት አይደለም። አንቺ ሥራ ወዳድ ነሽ፤ ወረቀት ማንበብ ግን አትወጂም። ስለዚህ የምልሽን አንድ በአንድ ስሚኝ።

1. መኪና ከማየትሽ በፊት ወጪሽን ጻፊ። ከታክስ በኋላ እጅሽ የሚገባውን ከላይ አስፍሪ። ከሥሩ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ ስልኩን፣ የልጅ መዋያውን፣ እቁቡን፣ እድሩን፣ በየወሩ ለእናትሽ የምትልኪውን ዘርዝሪ። ይህ የመጨረሻው ሁልጊዜ ይረሳል። ለወላጅ የሚላክን ገንዘብ ወጪ ብሎ መቁጠር ነውር ስለሚመስለን ወረቀት ላይ አናሰፍረውም፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ከኪሳችን ወጥቷል። የተረፈውን ሁሉ ደግሞ ለመኪናው ክፍያ አትመድቢ። ነዳጅ አለ፣ ጎማና ዘይት አለ፣ የማቆሚያ ቅጣት አለ። ከሁሉም በላይ ኢንሹራንስ አለ፤ መኪናው በብድር እስከሆነ ድረስ አበዳሪው ሙሉ ሽፋን እንድትገቢ ያስገድድሻል። መንጃ ፈቃዱ አዲስ የሆነ ሰው ደግሞ ከሌላው የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ለኢንሹራንስ ድርጅት ደውለሽ ለዚያው መኪና የምትከፍዪውን ጠይቂ። ቅዳሜና እሑድ ምግብ ላድርስበት ካልሽም ያን አብረሽ ንገሪያቸው፤ ተራው የግል ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥራ አይሸፍንም።

2. የገንዘብ አማካሪ ዘንድ ዕዳ ውስጥ ሳትገቢ ሂጂ። ወገናችን ገመናዬን ለባዕድ አላወጣም እያለ የሚሄደው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ብድርና ምክር ተጣምረው ሲሰጡ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ግን በዚህ አገር ከታየ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 ማክናይት ፋውንዴሽን በሚኒሶታ የጀመረው ዌይስ ቱ ወርክ የተባለ ፕሮግራም፣ ባንክ ፊት ለነሳቸው ወላጆች አነስተኛ የመኪና ብድር እየሰጠ የገንዘብ አያያዝም ያስተምር ነበር፤ በኋላ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተስፋፋ። በኒው ሃምፕሸር መኪና ሻጭ የነበረው ሮበርት ቻምበርስ፣ ገንዘብ የሌለው ገዢ እንዴት እንደሚበዘበዝ ከውስጥ ሆኖ ስላየ፣ በ2001 ቦኒ ክላክ የሚባል ድርጅት አቋቋመ። ሰዉ መጀመሪያ ትምህርቱን ይወስድ ነበር፤ ከዚያ ድርጅቱ ለባንክ ዋስ ሆኖለት በዝቅተኛ ወለድ አስተማማኝ መኪና ይገዛ ነበር። እኛ አካባቢም በ1999 ሜሪላንድ ውስጥ የተቋቋመው ቪሂክልስ ፎር ቼንጅ በስጦታ የተገኙ መኪናዎችን ጠግኖ፣ ሥራ ላላቸው አነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች በትንሽ ዋጋ ያቀርባል። አርሊንግተን ያለው ኢትዮጵያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል ደግሞ ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ በተባለው ክፍሉ በኩል ለስደተኞች አነስተኛ ብድርና ምክር ይሰጣል። ደውለሽ ለመኪና አሁን ምን እንዳላቸው ጠይቂ። አማካሪው ፊት ስትቀመጪ እቁብሽንም ወደ አገር ቤት የምትልኪውንም አትደብቂ፤ የባንክ ወረቀትሽን ብቻ ካየ ግማሽ ኑሮሽን ሳያውቅ ይመክርሻል።

3. ብድሩን ከመኪናው በፊት ፈልጊ። ክሬዲት ዩኒየን የሚባል የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር ገብተሽ አባል ሁኚ፤ ፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች ከ18 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይጠይቁ ጣሪያ ተጥሎባቸዋል። ሦስት አራት ቦታ አመልክቺ። ሁሉንም በ14 ቀን ውስጥ ከጨረስሽው ለክሬዲት ስኮርሽ፣ ማለት ለብድር ታማኝነት ነጥብሽ፣ የሚቆጠረው እንደ አንድ ጥያቄ ነው። ከዚያ አስቀድመሽ ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ስለ አንቺ የያዙትን መዝገብ በነጻ አውጥተሽ እዪ። እዚህ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚያዝና ስማችንም በየመሥሪያ ቤቱ በተለያየ ፊደል ስለሚጻፍ፣ የሌላ ሰው ዕዳ ካንቺ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። እቁብ ከደረሰሽ ለቅድመ ክፍያ አውዪው። እቁብ ሳታቋርጪ መጣልሽን ክሬዲት መዝገብ አያውቅልሽም፤ ገንዘቡ ግን የምትበደሪውን ይቀንስልሻል። ለሃይማኖታቸው ሲሉ ወለድ የማይነኩ ጎረቤቶቻችን ሙሉውን ዋጋ በእቁብ አጠራቅመው ሲገዙ አይቻለሁ፤ መኪናው ያረጀ ቢሆንም ዕዳ የለበትም።

4. «በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?» ብሎ ለሚጠይቅሽ ሻጭ መልስ አትስጪ። ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ። በወር ይህን ያህል አልሽው ማለት የቀረውን ለእሱ ተውሽለት ማለት ነው፤ ዓመቱን እያረዘመ፣ ወለዱን እየጨመረ ያልሽው ላይ ያደርስልሻል። እስቲ አብረን እናስላ። 10,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ለ4 ዓመት ብትበደሪ ወርኃዊ ክፍያሽ 244 ዶላር ገደማ ነው። ያንኑ 10,000 ዶላር በ20 በመቶ ለ6 ዓመት ብትወስጂ በወር 240 ዶላር ገደማ ይሆናል። የሁለተኛው በወር አራት ዶላር ያህል ስለቀነሰ የተሻለ ይመስላል። በመጀመሪያው ጠቅላላ የምትከፍዪው ወደ 11,700 ዶላር ሲሆን በሁለተኛው ግን ከ17,200 ዶላር በላይ ነው። ለአንድ ዓይነት መኪና 5,500 ዶላር ተጨማሪ፣ ያውም በስድስተኛው ዓመት መኪናው ጋራዥ ሲመላለስ! ስለዚህ ጥያቄሽ ሦስት ይሁን፤ የመኪናው ዋጋ ሁሉን ጨምሮ ስንት ነው? የዓመት ወለዱ ስንት በመቶ ነው? መጨረሻ ላይ በጠቅላላ ስንት ከፍዬ እወጣለሁ? እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አበዳሪው እነዚህን ቁጥሮች በጽሑፍ እንዲያሳይ ያዛል። ውሉ ላይ በሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጣትሽን አስቀምጠሽ አንብቢያቸው።

5. ፊርማ የሚፈረምበት ክፍል ውስጥ አትቸኩዪ። እዚያ ስትደርሺ ደክሞሻል፣ ልጅሽ ታለቅሳለች፣ መኪናውንም ወደሽዋል። የተራዘመ ዋስትና፣ ጋፕ ኢንሹራንስ፣ የቀለም መከላከያ የሚባሉት አንድ በአንድ የሚጨመሩት ያኔ ነው። አብዛኞቹ በፍላጎት የሚገዙ ናቸው፤ አልፈልግም ማለት ትችያለሽ። የዲለሩ፣ ማለት የመኪና መሸጫው፣ ሰው ከአበዳሪው ያገኘውን ወለድ ከፍ አድርጎ ሊሰጥሽ፣ ልዩነቱንም ሊያስቀር እንደሚችል እወቂ፤ ክሬዲት ዩኒየኑ ብድሩን ሲፈቅድልሽ የሰጠሽን ደብዳቤ የምታወጪው ለዚህ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለውን የሰፈር ወሬም አትመኚ፤ እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖርም ከዲለር ግቢ የተገዛ መኪናን አይመለከትም። ሌላው፣ ብድሩ ሳይጸድቅ መኪናውን ይዘሽ ወደ ቤት አትሂጂ። ከቀናት በኋላ ደውለው ብድሩ አልተሳካም፣ ነይና በሌላ ወለድ ፈርሚ የሚሉ አሉ። አዲስ ወረቀት ላይ ለመፈረም ግዴታ የለብሽም፤ መኪናውን መልሰሽ ቅድመ ክፍያሽን ጠይቂ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ አባቶቻችን፤ እዚህ ግን ፈሶ የማይለቀም ገንዘብ አለ።

6. «ክሬዲት አያስፈልግም፣ እዚሁ ገዝተሽ እዚሁ ክፈዪ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት የመጨረሻው በር ይሁንልሽ። መኪናው ከሚያወጣው በላይ ይሸጣል፣ ወለዱም ከባድ ነው። አንዳንዶቹ ክፍያ ሲዘገይ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ መሣሪያ ይገጥማሉ። ብዙዎቹ ደግሞ በደንብ መክፈልሽን ለክሬዲት ድርጅቶች ስለማያሳውቁ፣ ሁለት ዓመት ሳታዛንፊ ከፍለሽም ስኮርሽ ፈቅ አይልም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ታማኝነትሽን ከፍለሽበት እንኳ ምስክር አይሆንልሽም።

7. መኪናውን ባንቺ የተመረጠ መካኒክ ይየው። ከ100 እስከ 200 ዶላር ይወስዳል፤ ሻጩ እምቢ ካለ ጥለሽ ውጪ። በሻሲ ቁጥሩ ታሪኩን አጣሪ፤ ጎርፍ የገባበት መኪና ታጥቦ ሲታይ ያምራል። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አዝ ኢዝ» በሚለው ላይ ምልክት ካለበት፣ ከግቢው ከወጣሽ በኋላ የሚበላሸው ያንቺ ነው ማለት ነው። ሻጩ በአፉ የነገረሽን ተስፋ ሁሉ ጻፍልኝ በዪው።

8. ለሰው ዋስ ሆነሽ አትፈርሚ፤ ሰውም ሳታስረጂው ላንቺ አይፈርም። ዋስ መሆን እዚህ አገር ምስክርነት አይደለም፤ ዕዳው ሙሉ በሙሉ የዋሱም ነው፤ አንድ ክፍያ ሲዘገይ የእሱም መዝገብ ይበላሻል። በዚህ የተነሣ ለሠርግ እንኳ የማይጠራሩ ዘመዳሞች አውቃለሁ።

9. መክፈል ያቃተሽ ከመሰለሽ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ለአበዳሪው ደውዪ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? የሥራ ሰዓት ሲቀነስብሽ ወይም ልጅ ስትታመም የዚያን ወር ክፍያ ወደ መጨረሻ የሚያዘዋውሩ አሉ፤ የተስማማችሁትን በጽሑፍ ተቀበዪ። ስልክ አለማንሣት ግን ነገር ያከፋል። በአብዛኞቹ ግዛቶች አበዳሪው ፍርድ ቤት ሳይሄድ መኪናውን ከደጅሽ ጎትቶ መውሰድ ይችላል። መኪናው በሐራጅ ይሸጥና ዋጋው ዕዳውን ካልሸፈነ፣ መኪና ሳይኖርሽ ቀሪውን ትጠየቂያለሽ። ኢንሹራንሱንም ለአንድ ወር እንኳ አታቋርጪ፤ አበዳሪው በራሱ ገዝቶ ዋጋውን ዕዳሽ ላይ ይጭነዋል፣ እሱም ውድ ነው።

10. ዕዳውን ስትጨርሺ የአበዳሪው ስም ከታይትሉ፣ ማለት ከባለቤትነት ወረቀቱ፣ ላይ መነሣቱን አረጋግጪ፤ ወረቀቱን ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪ። ከዚያም በሚቀጥለው ወር ያንኑ በየወሩ ስትከፍዪው የነበረውን ለራስሽ የቁጠባ ሒሳብ መክፈል ጀምሪ፤ እጅሽ ለምዶታልና አይከብድሽም። አሁን ግን ገና መጀመሪያው ላይ ነን። በዚህ ሳምንት የደመወዝ ወረቀትሽንና የወጪ ዝርዝርሽን ይዘሽ ነይ፤ ክሬዲት ዩኒየኑ የሰጠሽ ደብዳቤ ካለም አምጪው፤ ዲለር ጋ ከመሄድሽ በፊት አብረን እናነበዋለን።