በቦታቸው ተዘርተው ስለሚያድጉ የአንድ ክረምት አበቦች

የግቢ አበባ ለዐይን ደስታ ብቻ የሚተከል ነው ብሎ የሚገምት ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን የሹም ግቢ ወይም የባለ ሰፊ ይዞታ ግቢ ሕዝብ የሚገባበትና የሚወጣበት ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚታየው ነገር ሁሉ፥ ቢታሰብም ባይታሰብም፥ ትምህርት ነው። አቤቱታ ይዞ የመጣ ገበሬ ተራው እስኪደርስ ድረስ የሚመለከተው የግቢውን አጥርና አትክልት ነው፤ ያየውንም ወደ መንደሩ ይዞት ይመለሳል። ስለዚህ በመሥሪያ ቤት፥ በትምህርት ቤት፥ በጤና ጣቢያና በመኖሪያ ግቢ ምን ዐይነት አበባ እንደሚበቅልና በማን ውሃ እንደሚያድግ አስቀድሞ ማሰብ የተገባ ነው።

በብዙ ስፍራ የተለመደው ነገር ይህ ነው። ለበዓል ወይም ለእንግዳ አቀባበል ተብሎ ችግኝ በገንዘብ ይገዛል፤ ከሩቅ ከተማ ተጭኖ ይመጣል፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ይተከላል። ሥሩ ገና መሬት አልያዘምና ጧትና ማታ ውሃ ይፈልጋል። ውሃውም የሚቀዳው ሕዝቡ ከሚጠጣበት ምንጭ ወይም ከቦኖው ነው። በየካቲትና በመጋቢት ምንጩ ሲቀንስ፥ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ተራ በሚጠብቁበት ሰዓት ለአበባ ውሃ ማመላለስ ለሚያየው ሁሉ ከባድ ነገር ነው። ውሃው የተቋረጠ ቀን ደግሞ ችግኙ ይደርቃል፤ ገንዘቡም ውሃውም ድካሙም ባክኖ ይቀራል።

የዚህ ችግር መድኃኒት ቅርብ ነው። እርሱም በተዘራበት ቦታ በዝናብ በቅሎ፥ በዝናቡ ማብቂያ አብቦ፥ ውሃ ሳይወደድ ዘሩን ሰጥቶ የሚደርቅ አበባ ነው።

1ኛ፤ የአንድ ክረምት አበባ ማለት ምን እንደ ሆነ

አንዳንዱ አትክልት ከዓመት እስከ ዓመት ይኖራል፤ አንዳንዱ ግን በአንድ ዘመን በቅሎ፥ አብቦ፥ አፍርቶ ይሞታል። የአንድ ክረምት አበባ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። ዕድሜው አጭር መሆኑ ጕድለት አይደለም፤ ኀይሉን ሁሉ የሚያወጣው በአበባና በዘር ላይ ነውና። ክፉውን የበጋ ወራት በሥርና በቅጠል ሳይሆን በደረቅ ዘር ሆኖ ያሳልፈዋል። ዘርም ውሃ አይጠይቅም፤ ጠባቂም አይሻም።

ለዚህ ነገር ዋና አስተማሪ አደይ አበባ ናት። አደይን የሚዘራት፥ የሚያጠጣትና የሚኰተኵታት ሰው የለም። በመኸሩ ጊዜ ዘሯ ይረግፋል፤ በጋውን በደረቅ መሬት ላይ ይከርማል፤ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ ይበቅላል፤ በመስከረም ደጋውንና ወይና ደጋውን ቢጫ ያለብሰዋል። አትክልተኛ ከእርሷ የሚማረው ሦስት ነገር ነው፤ ዘርን በቦታው መዝራት፥ ዝናብን መከተል፥ ከመድረቁ በፊት ዘርን መጠበቅ።

በቦታው መዝራት የሚሻልበት ምክንያት በሥሩ ይታወቃል። ዘር ሲፈነዳ አስቀድሞ የሚያወጣው ሥር ነው። ሳይነቀል ከቀረ ይህ ሥር በቀጥታ ወደ ታች ወርዶ እርጥበትን ይፈልጋል። የተነቀለ ችግኝ ግን ቀጫጭኑ ሥር ስለሚበጠስ እስኪያገግም ድረስ ብዙ ቀን ይጠወልጋል። ስለዚህ በቦታው የበቀለ አበባ፥ ምንም እንኳ ከችግኙ ዘግይቶ ቢጀምር፥ አጭር የዝናብ መቋረጥን በተሻለ ኀይል ይችላል።

2ኛ፤ ስለ አበቦቹ ምርጫ

አደይ አበባ፦ ለደጋና ለወይና ደጋ ትስማማለች። የዱር ዘር ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይበቅል በርከት ተደርጎ ይዘራል።

የፈረንጅ ሱፍ፦ መጀመሪያ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ነው። ዘሩ ትልቅ ስለ ሆነ ለሕፃናት እንኳ ለመዝራት ይመቻል፤ ስለዚህ ለትምህርት ቤት ግቢ የተመረጠ ነው። ዘሩ ዘይትም ምግብም ይሆናል።

ያገር ሱፍ፦ ለጾም ፍትፍት የሚሆነው፥ አበባው ብርቱካንማ ቢጫ የሆነውና እሾኻማው ነው። ሥሩ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ስለሚወርድ በመሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት ያድጋል። በአጥር ሥር ቢዘራ ከብትን ይከለክላል።

ኑግ፦ ይህ ያገር ዘይት ነው፤ ነገር ግን በመስከረምና በጥቅምት ሲያብብ ማናቸውም የአበባ መደብ አይበልጠውም። ኑግ በገዛ ብናኙ በደንብ አያፈራም፤ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ብናኝ ልታመላልስለት ያስፈልጋል። ንብም ከእርሱ ማር ታገኛለች።

ኮስሞስና ዚኒያ፦ ሁለቱም ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። ኮስሞስ ነጭና ሐምራዊ እያበበ ከሰው ወገብ በላይ ይቆማል፤ በደካማ መሬትም ይበቅላል። ዚኒያ ቀለሙ ብዙ ነው፤ ሙቀት ይወዳልና ለቈላና ለሞቃት ወይና ደጋ ይስማማል፤ በደጋ ብርድ ግን ይቀጭጫል።

ናስተርሺየምና ካሌንዱላ፦ ናስተርሺየም የደቡብ አሜሪካ ተራራ ተክል ነው፤ በመሬት ላይ እየተሳበ ያብባል፤ ቅጠሉና አበባው ይበላል። ካሌንዱላ ቀላል ውርጭን ስለሚችል ለደጋ ግቢ ጥሩ ነው።

3ኛ፤ ስለ መዝሪያው ቀን

የመዝሪያ ቀን የሚታወቀው ከአበባው ቀን ወደ ኋላ በመቍጠር ነው። ኮስሞስ፥ ዚኒያና የፈረንጅ ሱፍ በሞቃት ስፍራ ከተዘሩ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባሉ። ለመስቀል በዓል፥ ማለት ለመስከረም 17 ቀን፥ አበባ የሚፈልግ ሰው 70 ቀን ወደ ኋላ ቢቈጥር ሐምሌ 12 ቀን ይደርሳል። በደጋ ብርዱ ዕድገቱን ስለሚያዘገይ 20 ቀን ያህል ጨምሮ በሰኔ 22 ቀን ግድም መዝራት ይገባል። አደይና ኑግ ዝናቡ እንደ ጸና ይዘራሉ። ያገር ሱፍ ግን ቅጠሉ ብዙ ዝናብ ስለማይወድ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ይዘራል፤ ሌሎቹ ሲደርቁም እርሱ ያብባል።

በደጋ ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ይወርዳል። ኮስሞስ፥ ዚኒያና ናስተርሺየም ውርጭን አይችሉም። ስለዚህ በደጋ ዘግይቶ የተዘራ አበባ ሳያብብ ይቃጠላል፤ ፈጥኖ መዝራት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

4ኛ፤ ስለ መሬቱና ስለ አዘራሩ

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ከትልቅ ባሕር ዛፍ ሥር መዝራት ከንቱ ነው፤ ጥላውም ሥሩም አበባውን ያቀጭጨዋልና። በዋልካ መሬት ውሃ ስለሚተኛ መደቡ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያው ቦይ ሊወጣለት ይገባል። በዚህ አገር ክረምት አበባን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው የውሃ ማነስ ሳይሆን የውሃ መተኛት ነው።

ፍግ በመጠን ይሁን። ፍግ የበዛበት ኮስሞስና ናስተርሺየም ቅጠሉን ያበዛል እንጂ አበባ አይሰጥም። ስለዚህ የግቢው ፍግ ለጎመንና ለድንች ቢውል ይሻላል።

መሬቱ በመጀመሪያው ዝናብ ይቈፈርና ለሁለት ሳምንት ይተው። በዚህ ጊዜ አረሙ ይበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ላዩን ብቻ ኰትኵቶ አረሙን ገድሎ ዘሩን መዝራት ነው። ይህ ቀላል ሥራ የኋላውን የማረም ድካም እጅግ ይቀንሰዋል።

ዘሩ በመስመር ይዘራ እንጂ አይበተን፤ ኑግ ብቻ ቢበተን አይጎዳም። በመስመር የተዘራ እንደ ሆነ ያልለመደ ሠራተኛም ቢሆን አበባውን ከአረሙ ለይቶ ያውቃል። ጥልቀቱ የዘሩን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ይበቃል። የፈረንጅ ሱፍና ያገር ሱፍ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፥ ናስተርሺየም 2 ሳንቲ ሜትር፥ ኮስሞስና ዚኒያ ከግማሽ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ይቀበራሉ። የአደይ ዘር በላዩ ጥቂት ደቃቅ አፈር ይነሰነስበታል። ዝናቡ ዘሩን አጥቦ እንዳይወስደው፥ ዶሮም እንዳትጭረው፥ እስኪበቅል ድረስ በስሱ ጭድ ወይም በቅርንጫፍ መሸፈን ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ስለ ማሳሳትና ስለ ማረም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። የበቀለውን መንቀል ስለሚያሳዝነው ሁሉን ይተወዋል፤ ሁሉም ተጨናንቆ ይቀጥናል፤ በነሐሴ ዝናብም ይወድቃል። ቡቃያው አራት ቅጠል ባወጣ ጊዜ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል ግዴታ ነው። በፈረንጅ ሱፍ መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፥ በኮስሞስ ከ30 እስከ 40፥ በዚኒያና በካሌንዱላ ከ25 እስከ 30፥ በአደይ አንድ ስንዝር ያህል ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ማረም ይበቃል። ቅጠሉ መሬቱን ከሸፈነው ራሱ አረሙን ያንቃል። ኮስሞስ አንድ ክንድ ሲሆን ጫፉ ቢቈረጥ ቅርንጫፍ ያበዛል። የጠወለገው አበባ እየተቀጠፈ ቢጣል አዲስ አበባ ይወጣል፤ ነገር ግን ለዘር የሚሆነው አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ይተው። አበባው በፈካበት ጊዜ የተባይ መድኃኒት መርጨት አይገባም፤ ንብን ይፈጃልና። ኢትዮጵያ በማር ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ እንደ መሆኗ የአንድ ሹም ግቢ ለጎረቤቱ ቀፎ ጠላት ሊሆን አይገባም።

6ኛ፤ ሊዘራ ስለማይገባው

ውበት ብቻውን ምስክር አይሆንም። እምቦጭ አበባው ያማረ ስለ ሆነ ከደቡብ አሜሪካ ተወስዶ በብዙ አገር በኩሬና በግቢ ተተከለ፤ ዛሬ ግን የወንዝና የሐይቅ መቅሠፍት ሆኗል። በጣና ሐይቅ ላይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ የዓሣ አጥማጁን ታንኳና የገበሬውን የሐይቅ ዳር መሬት አስጨንቋል። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ቍጥቋጦ ለጌጥና ለአጥር ከአሜሪካ የተወሰደ ሲሆን የግጦሽ መሬት ይወራል፤ የበሉትን ከብቶችም ይመርዛል። አስተናግርም አበባው ነጭና ትልቅ ቢሆን ዘሩ ሰውን የሚገድል ስለ ሆነ ሕፃናት በሚውሉበት ግቢ ሲገኝ ሳያፈራ መነቀል አለበት።

ከመልካሞቹም መካከል ኮስሞስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በደቡብ አፍሪካ ራሱን በራሱ እየዘራ በመንገድና በእርሻ ዳር ተሰራጭቷል። ስለዚህ በእርሻ ወይም በወንዝ አጠገብ ባለ ግቢ ዘሩ ሳይረግፍ ራሱን ቈርጦ መሰብሰብ ያስፈልጋል። በእርሻ ዳር ላለው ግቢ ግን አደይ፥ ኑግና ሱፍ ይበቁታል።

7ኛ፤ ዘርን ስለ ማስቀመጥና ስለ ማካፈል

የዚህ ሥራ ትርፉ በሁለተኛው ዓመት ይታያል። በመጀመሪያው ዓመት ዘር ቢገዛ እንኳ በሁለተኛው መግዛት አያስፈልግም፤ ከአንድ ትልቅ የፈረንጅ ሱፍ ራስ ብቻ ብዙ መቶ ዘር ይገኛልና። ራሱ በግንዱ ላይ ሲደርቅ በደረቅ ቀን ይቈረጣል፤ በጥላ ለአንድ ሳምንት ይሰጣል፤ ተፈልፍሎና ተነፍቶ በወረቀት ወይም በጨርቅ ከረጢት ተደርጎ፥ ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት፥ ከጢስና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጣል። ድቅል ዘር ከሆነ ግን ልጁ እናቱን ስለማይመስል ለዘር አይመረጥም።

በግንቦት ዘሩ መፈተን አለበት። 50 ፍሬ ቈጥሮ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ ለ10 ቀን ማኖር ነው። 40 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው፤ 25 ብቻ ከበቀለ እጥፍ አድርጎ መዝራት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ካነሰ በአዲስ ይለወጥ።

የተረፈው ዘር በመጋዘን ሊቈለፍበት አይገባም። በሰኔ ለአቤቱታ ለመጡ ሰዎች፥ ለትምህርት ቤቶችና ለንብ አርቢዎች በእፍኝ በእፍኝ ቢታደል፥ የሚወጣበት ገንዘብ የለም፤ የሚያስፈልገው ውሃም ከሰማይ የሚወርደው ብቻ ነው።

በአጭሩ የአንድ ሹም ግቢ በመስከረም አብቦ በጥር ቢደርቅ ነውር አይደለም፤ እርሻውም መስኩም እንዲሁ ነውና። ነውር የሚሆነው ሕዝብ ውሃ ሲጠማ ግቢው በሰው ሸክም ለምልሞ ሲታይ ነው። በጥር መደቡ ደረቅ ሆኖ፥ ዘሩ በከረጢት ተቀምጦ፥ የምንጩም ውሃ ለእንስራው ከተረፈ፥ አትክልቱ በአግባቡ ተጠብቋል ማለት ነው።