የተቀበረን መሠረት በድምፅ ሞገድ መመርመር

የሕንፃ ግድግዳ ቢሰነጠቅ በዐይን ይታያል፤ ከመሬት በታች ያለው መሠረት ጉድለት ቢኖረውስ በምን ይታወቃል? በሆንግ ኮንግ፣ ሻ ቲን በተባለው አካባቢ፣ ሊጠናቀቁ የተቃረቡና ከ30 ፎቅ በላይ የነበራቸው ሁለት የመኖሪያ ሕንፃዎች መሠረታቸው ከታቀደው ጥልቀት አጥሮ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለታወቀ በ2000 እንዲፈርሱ ተደርገዋል። ስሕተቱ የተፈጸመው ከመሬት በታች ነው፤ የታወቀው ግን ሕንፃዎቹ ከቆሙ በኋላ ነበር። ስለዚህ የተቀበረ መሠረት ሸክም ሳይጫንበት መመርመር ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፋችን ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ዘዴዎች መካከል የአልትራሳውንድ ምርመራን እንመለከታለን።

ጉድለቱ ከምን ይመነጫል?

የላይኛው አፈር ደካማ ሲሆን የሕንፃው ክብደት ፓይል በሚባሉ ረጃጅም የኮንክሪት ምሰሶዎች አማካይነት ወደ ጠንካራ አፈር ወይም ዐለት ይተላለፋል። በመጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቀጥሎ የፌሮ ብረት አጽም ይገባል፤ በመጨረሻም ኮንክሪት ይሞላል። በዚህ መካከል የጉድጓዱ ግድግዳ ቢናድ አፈር ከኮንክሪቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ሙሌቱ ቢቋረጥም ደካማ ንብርብር ሊፈጠር ይችላል።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ቱቦዎች ከብረቱ አጽም ጋር ይታሰራሉ። ኮንክሪቱ ለጥቂት ቀናት ከጠነከረ በኋላ ቱቦዎቹ በውኃ ተሞልተው በአንዱ ሞገድ ላኪ፣ በሌላው ተቀባይ መሣሪያ ይወርዳል። ውኃው የሚያስፈልገው አየር አልትራሳውንድን በሚገባ ስለማያስተላልፍ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ከታች ወደ ላይ እኩል እየተሳቡ ሞገዱ በየጥልቀቱ የሚወስደው ጊዜ ይመዘገባል።

ምሳሌ እንውሰድ። በቱቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት 0.8 ሜትር ቢሆንና ሞገዱ በ200 ማይክሮ ሰከንድ ቢደርስ፣ ርቀቱን ለጊዜው ስናካፍል ፍጥነቱ በሰከንድ 4000 ሜትር ይሆናል። ይህ የጥሩ ኮንክሪት ምልክት ነው። በሌላ ጥልቀት ጊዜው 250 ማይክሮ ሰከንድ ቢሆን ግን ፍጥነቱ ወደ 3200 ሜትር፣ ማለትም በ20 በመቶ፣ ይቀንሳል፤ በዚያ ቦታ ጉድለት መኖሩ ያጠራጥራል።

ላኪውና ተቀባዩ በተለያየ ከፍታ እየተቀመጡ ልኬቱ ሲደጋገም የሞገዱ መንገዶች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ኮምፒውተር ከእነዚህ ልኬቶች የየቦታውን ፍጥነት አስልቶ የጉድለቱን ቦታና ስፋት በምስል ያሳያል፤ መርሁ በሐኪም ቤት ካለው ሲቲ ስካን ጋር ተመሳሳይ ነው።

የዘዴው ወሰን

ሞገዱ የሚመረምረው በቱቦዎቹ መካከል ያለውን ኮንክሪት ብቻ ነው፤ ከብረቱ አጽም ውጭ ያለውን ሽፋንም ሆነ ፓይሉ ያረፈበትን ዐለት አያሳይም። በ50 ኪሎ ሄርዝ የሞገዱ ርዝመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከዚህ በጣም ያነሰ ጉድለት ሊያመልጥ ይችላል። ቱቦው ከኮንክሪቱ ቢላቀቅ ደግሞ ጤናማው ክፍል እንደ ብልሹ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲፈጠር ኮንክሪቱን በስቶ ናሙና በማውጣት ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ በሻ ቲን የታየውን ዓይነት ስሕተት ለመከላከልም የጥልቀት ልኬትና እስከ ዐለቱ የሚደርስ የናሙና ቁፋሮ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት፣ ቱቦዎቹ ከሙሌቱ በፊት ካልታሰሩ በኋላ ማስገባት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑን ነው። ምርመራው የሚጀምረው ገና ንድፉ ሲዘጋጅ ነው ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ፓይል ውስጥ 4 ቱቦዎች ቢኖሩ ምርመራው በስንት ጥንዶች መካከል ሊካሄድ ይችላል? (መልስ፦ በ6)