«ገብረ» ማን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ በ«ገብረ» የሚጀምረውን ስም ትርጕምና ታሪክ እንመለከታለን። ከመካከላችን የክርስትና ስማችን ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል ወይም ገብረ መስቀል የሆነ ብዙዎች ነን። ይሁን እንጂ ካህኑ ለጸሎት «የክርስትና ስምህ ማን ነው?» ሲሉን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንመልስ፣ ከነጭራሹም የማናውቅ አለን። ስሙ የገጠር፣ የሽማግሌ ስም መስሎ ይታየናልና።

«ገብር» በግእዝ አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው፤ ሲበዛ «አግብርት» ይባላል። «ገብረ» የሚለው ግሥ ሠራ፣ አደረገ ማለት ሲሆን፣ «ግብር»ም ሆነ መሬት አራሹ «ገበሬ» ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። እንግዲህ «የገበሬ ስም ይመስላል» ብሎ የሚያፍር ወጣት ሳያውቀው ወደ እውነቱ ተጠግቷል! ሳድሱ «ር» ወደ «ረ» ሲለወጥ ደግሞ ቃሉ «የእገሌ አገልጋይ» ወደሚለው ይዞራል። ስለዚህ «ገብረ» ብቻውን ያላለቀ ንግግር ነው፤ ሰሚው «የማን?» ብሎ ይጠብቃል። ማርያም፣ ሥላሴ፣ ክርስቶስ የሚለው ሲከተለው ስም ይሆናል። ለእኅቶቻችን «አመተ» ወይም ይበልጥ የተለመደው «ወለተ» ይሰጣል፤ ወለተ ማለት ልጅ ማለት ነው።

ይህ አሰያየም የእኛ ብቻ አይደለም። የነቢዩ አብድዩ ስም በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር አገልጋይ ማለት ነው። የዐረብ ክርስቲያኖች «አብዱል መሲሕ» ሲሉ እኛ «ገብረ ክርስቶስ» ያልነውን ማለታቸው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ራሱን ያስተዋወቀው በዚሁ ማዕርግ ነው።

«ባሪያ መባል ውርደት አይደለም ወይ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአገራችን ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር፤ ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ሰው ይገዙና ይሸጡ ከነበሩትም መካከል በ«ገብረ» ስም የተጠመቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። በእኛ አስተያየት ይህ የሚያስነቅፈው ባለ ስሞቹን ነው። «የክርስቶስ ባሪያ ነኝ» ያለ ሰው ባልንጀራውም የዚያው ጌታ መሆኑን በገዛ ስሙ መስክሮ ነበርና።

ከነገሥታት ወገን ይህን ስም የያዙ አሉ። የዐፄ ካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነገሠ፤ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ያሰማው በእርሱ ዘመን እንደ ሆነ በቤተ ክርስቲያናችን ይነገራል። ቅዱስ ላሊበላም የንግሥና ስሙ ገብረ መስቀል ነበር። ከቅዱሳን የዝቋላውን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ወር በገባ በ5 እናከብራቸዋለን። የስሙ መንፈሳዊ ክርክር ባይኖር እንኳ ይህ ብቻ «የገጠር ስም» የሚለውን ያስቀረዋል።

በአያቶቻችን ዘመን በ«ገብረ»፣ በ«ወልደ»፣ በ«ኃይለ»ና በ«ተክለ» የሚጀምሩ ስሞች የዕለት መጠሪያም ነበሩ፤ በትግራይ ዛሬም በየቤቱ ይሰማሉ። በሌላው አገር፣ በተለይ በከተማ፣ ወላጆች አጫጭር ስም መረጡ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ «አብዮት» ተብለው የተጠሩ ልጆች ነበሩ፤ ኋላም ናትናኤል፣ ዮናታንና የመሳሰሉት በዙ። እነዚህንም የምንነቅፍ አይደለንም፤ ናትናኤልን ከወንጌል ያገኘነው ነው። ብቻ «ገብረ» ከዕለት መጠሪያነት እየራቀ ሄዶ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የሚሰጠው ስም ሆኖ ይኖራል።

ስሙ ሲያጥርም የሚሆነውን እንይ። «ገብሬ» የማቈላመጫ ነው፤ ነውር የለበትም። «ገብሩ» ግን በግእዝ «የእርሱ አገልጋይ» ማለት ስለሆነ አሳጣሪው ሳያስበው ትርጕሙን አድኖታል። ጉዳቱ በወረቀት ላይ ይብሳል። በውጭ አገር ስሙ ለሁለት ተከፍሎ ሲመዘገብ «ገብረ» ብቻውን የሰውየው ስም፣ «ማርያም» ደግሞ የቤተሰብ ስም መስሎ ይቀራል። ሯጩ ኃይሌ በ1988 በአትላንታ፣ በ1993 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ የዓለም ጋዜጠኞች የጠሩት «ገብረሥላሴ» እያሉ ነበር። የአባቱ ስም ነው፤ ሳይቈረጥ በመነገሩ ግን ደስ ብሎናል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያነሣነው ስለ አንድ ችግር ነው። ስለ ታመመ ሰው ሲጸለይ፣ ፍትሐት ሲደረግ፣ በተዝካርም ጊዜ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። ቤተሰብ በኀዘን ላይ ሆኖ «ማን ነበር? ሚካኤል ነው ገብርኤል?» እያለ እርስ በርሱ ሲጠያየቅ ያየን አለን። ስማችሁን የማታውቁ በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ እነርሱ ከዘነጉት የክርስትና አባት ወይም እናት ያስታውሱ ይሆናል፤ ካልሆነም የተጠመቃችሁበት ደብር መዝገብ አለ። ካገኛችሁት በኋላ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ሁለተኛውን ቃል ሳትቈርጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።