ባቡር አቀበት አይወድም፦ በእንግሊዝ ገጠር ስለሚያልፉ የብስክሌት መስመሮች

እንደሚታወቀው በክፍላችን ስለ አንድ የጉብኝት መስመር ስንጽፍ ቅድሚያ የምንሰጠው ለመልክዓ ምድሩ ውበት ነው። መንገዱ እዚያ እንዴት እንደተገኘ ግን ብዙም አንጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ብሪስቶል የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ ብስክሌት ላይ ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ።

የመጀመሪያው ቀን ምርጫ የኔ ነበር። ፎቶግራፉን አይቼ «ቼዳር ሸለቆ ካልሄድን!» አልኩ። ከብሪስቶል በስተደቡብ፣ በሜንዲፕ ኮረብታዎች ውስጥ፣ በኖራ ድንጋይ ገደሎች መሀል ሽቅብ የሚወጣ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ውበቱስ እውነት ነው። አቀበቱን ግን ማርሹን እስከ መጨረሻው ባቀለውም አልቻልኩትም፤ ወርጄ እየገፋሁ ወጣሁ። እህቴ ስቃ አልጠገበችም።

በማግስቱ እሷ መረጠች፤ ከብሪስቶል እስከ ባዝ ከተማ 21 ኪሎ ሜትር ያህል። መንገዱ በዛፍ ጥላና በመስክ መሀል እያለፈ የኤቮንን ወንዝ ደጋግሞ ይሻገራል። ኮረብታ ሲያጋጥመው ደግሞ ስቴፕል ሂል በተባለው 471 ሜትር ዋሻ ሾልኮ ያልፋል። ባዝ ስንደርስ ገና ጉልበት ነበረኝ። «ዛሬ ምን ተገኘ?» ብላት «ባቡር አቀበት አይወድም እኮ!» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ በቀላሉ ስለሚንከባለል ከባድ ጭነት በትንሽ ኃይል ይጎተታል። ነገር ግን ብረት ብረትን ቆንጥጦ ስለማይዝ አቀበት ላይ ጎማው ይንሸራተታል። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሶች ጉብታውን ቆረጡ፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞሉ፣ ኮረብታውን በሱ። ለባቡር የተደላደለው ምድር ለብስክሌተኛም ተመቸ።

ታዲያ ባቡሩ የት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ1963 የብሪታንያ ምድር ባቡር ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ ባቀረቡት ሪፖርት፣ ኪሳራን ለመቀነስ 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል መስመርና ከ2,300 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ ቀረበ። አብዛኞቹም ተዘጉ። በባዝ መስመር የመንገደኞች ባቡር የቆመው በ1966 ነው። በ1977 ብሪስቶል ውስጥ የተቋቋመና በኋላ ሳስትራንስ በሚል ስም የታወቀ ቡድን፣ ከ1979 እስከ 1986 ድረስ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ጭምር ባዶውን ምድር የብስክሌት መንገድ አደረገው።

ሌሎችም አሉ። በፒክ ዲስትሪክት የቲሲንግተን መስመር በ1971 ተከፈተ፤ እዚያው አካባቢ የሚገኘው የሞንሳል መስመር ዋሻዎች ደግሞ በ2011 ለሕዝብ ክፍት ሆኑ። ባዝ አጠገብ በ2013 የተከፈተው የኩም ዳውን ዋሻ 1,672 ሜትር ይረዝማል። በአንጻሩ ከምዕራብ ባሕር እስከ ምሥራቅ ባሕር የሚያቋርጠው ዝነኛ መስመር ሐዲዱን የሚከተለው በከፊል ብቻ ስለሆነ፣ ሃርትሳይድ ላይ 580 ሜትር ከፍታ ድረስ ያስወጣል። ቼዳር ያስተማረኝ ሰው እዚያ ሳይዘጋጅ አይሄድም!

ስንመለስ ቢተን በሚባለው የድሮ ጣቢያ ለሻይ ቆምን። በጎ ፈቃደኞች አጭር ርቀት ላይ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ያንቀሳቅሱበታል። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት በልጅነታቸው በዚህ መስመር ባዝ ይመላለሱ እንደነበር አጫወቱን። መንገዱን አደነቅሁላቸው። «ጥሩ ነው ልጄ» አሉ፤ «እኔ ግን አሁን ብስክሌት አልችልም። ባቡሩ ቢኖር እሄድ ነበር።»

ማስታወሻዬ ላይ «የተዘጋው መስመር ዳነ» ብዬ ጽፌ ነበር። ማታ ሰረዝኩት። የዳነው ተዳፋቱ ነው፤ ጉዞው ግን ለሁሉም አልዳነም። ይህን ማለቴ መንገዱን ለመንቀፍ አይደለም፤ ባይሠራ ኖሮ ምድሩ ባክኖ ይቀር ነበር። ከእንግዲህ ግን ስለ አንድ መስመር ስጽፍ ከውበቱ ጋር ሁለት ጥያቄ እጨምራለሁ፦ ቀድሞ እዚህ ምን ነበር? ዛሬስ ማን ቀረ? እናንተም በየጥናታችሁ ሞክሩትና ክፍል ውስጥ እንወያይበት።