የውድድር መኪና ሹፌርና ሙቀት

ገበሬ ሲያርስ ይሞቀዋል፤ በሬውም ይሞቀዋል። በሥራ ላይ ያለ ሰውነት ሁሉ ሙቀት ያወጣል። የመኪና ውድድር ሹፌርስ? «እሱ ተቀምጦ ነው የሚነዳ፤ ምን ይሞቀዋል?» እንል ይሆናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ሹፌርን ሙቀት ሊገድለው ይችላል።

በአሜሪካ አገር «የ24 ሰዓት ሌመንስ» የሚባል የመኪና ውድድር አለ። የተጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ነው። ተወዳዳሪዎቹ በመንዳት እንጀራቸውን የሚያገኙ ሰዎች አይደሉም። በሥራ ቀን በየሙያቸው ይውላሉ፤ በዕረፍት ቀን ስለሚወዱት ብቻ ይወዳደራሉ። እንዲህ ያለ ተወዳዳሪ አማተር ይባላል። በደንቡ መሠረት መኪናው ከ500 ዶላር በላይ የወጣበት መሆን የለበትም። ለአደጋ መከላከያ የሚወጣው ገንዘብ ግን አይቆጠርም። የውድድሩ ስም ቀልድ አለበት። በፈረንሳይ አገር፣ ለ ማን በሚባል ከተማ፣ በ1923 የተጀመረ ታላቅ የ24 ሰዓት ውድድር አለ። «ሌመን» ደግሞ በእንግሊዝኛ ሎሚ ማለት ነው። አሜሪካኖች ገዝተው የሚጸጸቱበትን መኪና «ሎሚ» ይሉታል።

እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ከሹፌሩ ፊት ሞተሩ ይግላል። ሁለተኛ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ በወለሉ ሥር ያልፋል። ሦስተኛ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን ታግላለች። መኪናው እንዲቀል ተብሎ አየር ማቀዝቀዣው ብዙ ጊዜ ተነቅሏል። የጤነኛ ሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው። በሞቃት ቀን ግን የሹፌሩ ክፍል ከ50 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል።

ሰውነታችን ሲሞቅ ያልበናል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ግን ሲወርድ አይደለም፤ ሲደርቅ ነው። እስቲ የሸክላ እንስራን አስቡ። እንስራው ከውጭ በኩል ይረጥባል። ነፋስ ያንን እርጥበት ሲያደርቀው ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። በቆርቆሮ በርሜል ያለ ውሃ ግን እንዲህ አይቀዘቅዝም፤ ምክንያቱም ቆርቆሮው ውሃ አያሳልፍም።

ሹፌሩም እንደ በርሜሉ ነው። እሳት ቶሎ የማይበላው ወፍራም ቱታ ለብሷል። ጓንት አድርጓል፤ በራሱ ላይ ሄልሜት የሚባል ጠንካራ ቁር ደፍቷል። መኪናው በእሳት ቢያያዝ ሕይወቱን የሚያተርፍለት ይህ ልብስ ስለሆነ ማውለቅ አይችልም። ከእሳት የሚያድነው ልብስ ላቡ እንዳይደርቅ ይከለክላል። ታዲያ ምን ይደረግ? አማተሮቹ የሚጠቀሙባቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ሙቀቱን ከምንጩ ይከልላሉ። በጭስ ማውጫውና በወለሉ መካከል ሙቀት የሚመልስ ቆርቆሮ ያስገባሉ። ከሞተሩ ወደ ሹፌሩ የሚወስደውን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። የሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና፣ ቀዳዳው ሲደፈን መርዙም ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ንጹሕ አየር በቱቦ ወደ ሄልሜቱ ያስገባሉ። የቱቦው አፍ ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት።

ሦስተኛ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞርበት ሸሚዝ ይለብሳሉ። በሸሚዙ ላይ ቀጫጭን ቱቦዎች ተሰፍተውበታል። በሳጥን ውስጥ በረዶና ውሃ አለ። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ከሳጥኑ ወደ ሸሚዙ ይገፋዋል፤ ውሃው የሰውነቱን ሙቀት ይዞ ይመለሳል። በረዶው ካለቀ ወይም ፓምፑ ከቆመ ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ይሞቃል። ያን ጊዜ ሸሚዙ ራሱ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ሹፌር በተለወጠ ቁጥር በረዶውን ያያሉ።

አራተኛ፣ ይጠጣሉ። አንድ ሹፌር በሰዓት አንድ ሊትር ያህል ላብ ሊያጣ ይችላል። ከላቡ ጋር ጨውም ይወጣል። ስለዚህ ከዋዜማው ጀምረው ይጠጣሉ፤ ውሃውንም ጨውንም ይተካሉ።

አምስተኛ፣ ይለዋወጣሉ። በለ ማን ውድድር አንድ ሹፌር በ6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቀድለትም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ሙቀት ጉልበትን ብቻ ስለማይጎዳ ነው፤ አእምሮንም ይወስዳል። ሹፌሩ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ያሳልፋል፤ የሚናገረው ይምታታበታል። «ደኅና ነኝ» ይላል እንጂ መታመሙን አያውቅም። በጥቅምት 2023 በኳታር የተደረገውን የፎርሙላ ዋን ውድድር እንመልከት። ሹፌሮቹ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ውድድሩም የተደረገው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊው ኤስቴባን ኦኮን እየነዳ በሄልሜቱ ውስጥ አስመለሰው። አሜሪካዊው ሎጋን ሳርጀንትም ታሞ አቋርጦ ወጣ። ከ2025 ጀምሮ ሙቀቱ 31 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ሲገመት መኪኖቹ የሹፌር ማቀዝቀዣ እንዲገጠምላቸው ደንብ ወጥቷል።

ስለዚህ «ውጣ» የሚለው ሹፌሩ ሳይሆን ጓደኛው መሆን አለበት። ጓደኞቹ በሬዲዮ ያነጋግሩታል። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተዘበራረቀ ያስወጡታል። ከዚያም ልብሱን ያወልቁለታል፤ በጥላ ሥር ያስቀምጡታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡለታል። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አይሰጥም፤ ያንቀዋልና። ቶሎ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

እናንተም በቆላ አጨዳና ውቂያ ላይ ስትውሉ ይህንኑ አስታውሱ። በደቦ ላይ አንዱ ወገኑ መዘባረቅ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ፣ ላቡ ቢወርድም ባይወርድም፣ ከፀሐይ አውጡት። ሥራው ይደርሳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው መቼ ነው?
2. ሹፌሩ ቱታውን ለምን አያወልቅም?
3. በረዶው ሲያልቅ የውሃው ሸሚዝ ምን ይሆናል?
4. ሙቀት የመታውን ሰው «ደኅና ነኝ» ስላለ ማመን ለምን አይገባም?