«ኖርማል ነው» የተባለው ኮሌስትሮል

የዚህ ወር ዓምዳችን በተለይ የሚመለከተው ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ አግኝቶት የተረፈን ሰው፣ እንዲሁም የስኳር በሽታ ለረጅም ዓመታት የቆየበትን ነው። ቤትዎ ውስጥ እንዲህ ያለ አባት፣ እናት ወይም ባለቤት ካለ የላቦራቶሪ ውጤታቸውን አውጥተው እያዩ ያንብቡ።

ወረቀቱ ላይ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤች.ዲ.ኤል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚሉ መስመሮች ይኖራሉ። እርስዎ ግን ኤል.ዲ.ኤል የሚለውን ይፈልጉ። በደም ስር ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚጠራቀመውና መተላለፊያውን የሚያጠበው እርሱ ነው። ጥርቅሙ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበትና ስሩ ይዘጋል። ከቁጥሩ ጎን ላቦራቶሪው ያተመው «ኖርማል» የሚባል ልክ አለ፤ ብዙ ጊዜ እስከ 100 ወይም እስከ 130 ነው። ይህ ልክ የተቀመጠው ለጤነኛ ሰው ነው። ልቡን ታሞ ለተነሳ ሰው አይሠራም። ብዙ ቤተሰብ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ኖርማል ሆነ» ይባልና መድኃኒቱ ይቆማል።

ታዲያ ልካቸው ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሃርት አታክ ወይም ስትሮክ ላገኘው፣ ስኳሩም ኩላሊቱን ወይም ዓይኑን ለጎዳበት ሰው ኤል.ዲ.ኤል ከ55 ሚሊግራም በታች እንዲሆን፣ ከመነሻውም ቢያንስ በግማሽ እንዲቀንስ ይላል። ስኳር አሥር ዓመት ቆይቶበት ሌላ ጉዳት ያልደረሰበት ደግሞ ከ70 በታች። (ከባሕረ ሰላጤ አገር የመጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ በሚሊሞል ስለሚጻፍ በ39 ያባዙት፤ 1.4 ማለት 55 ገደማ ነው።)

ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ የታተመው የስካንዲኔቪያ አገሮች ጥናት 4,444 የልብ ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ሲምቫስታቲን የወሰዱት በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ የመሞት አደጋቸው በ30 በመቶ ቀንሷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ኤል.ዲ.ኤል ይበልጥ ሲወርድ አደጋው ይበልጥ እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ለምሳሌ የአባትዎ መነሻ 130 ነበር እንበል። አቶርቫስታቲን በከፍተኛ መጠኑ በግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ 65 ሆነ። ገና አልደረሰም። መጠኑን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው ስድስት በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ ኢዜቲማይብ የሚባል ሁለተኛ ክኒን ሊያክልበት ይችላል። እርሱ ከቀረው ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንስና ወደ 52 ይደርሳል። እንግዲህ ሁለት ክኒን መታዘዙ በሽታው ስለባሰ አይደለም። 52 ከደረሰ በኋላ ክኒኑ ቢቆም ደግሞ ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ጥቁር አዝሙድ የሚወድ ይውሰድ፤ የክኒኑን ቦታ ግን አይተካም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ማዘዛቸውን ሁላችንም ከመስጂድ ሰምተናል።

በረመዷን «ጾመኛ ስለሆንኩ» ብለው ክኒኑን የሚተዉ አሉ። መድኃኒቱ በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከጾም ጋር አይጋጭም። ሲምቫስታቲን ማታ፣ ከኢፍጣር ወይም ከተራዊሕ በኋላ ይወሰዳል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን በኢፍጣርም በሱሁርም ይሆናል። ይልቅ አስቸጋሪው የኢፍጣሩ ማዕድ ነው። ሳምቡሳው በፓልም ዘይት ተጠብሶ በየምሽቱ ሲቀርብ (ይህ ዘይት ግማሹ ያህል የሚረጋ ስብ ነው) ኤል.ዲ.ኤል ከፍ ይላል። ቅቤና የበግ ላትም እንደዚያው። የአጃ ወይም የገብስ ሾርባ ግን ኮሌስትሮልን በመጠኑ ይቀንሳልና ሁለተኛ ሳህን ቢጨመር አይከፋም። ያም ሆኖ አመጋገብ ብቻውን ብዙውን ጊዜ የሚያወርደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ130 ተነስቶ 55 አያደርስም።

ጡንቻ ላይ ያልተለመደ ሕመም ከተሰማ፣ በተለይ ሽንት ከጠቆረ፣ ሳይዘገዩ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። ማርገዝ ያሰበች እህትም አስቀድማ ታማክር። መድኃኒት ከተጀመረ ወይም ከተቀየረ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ይመረመራል። ያን ዕለት ሐኪሙን «ኖርማል ነው ወይ?» ሳይሆን «የእኔ ልክ ስንት ነው? ደርሻለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።