«ሆሪዱ» ሲባል፦ ምኑን? ከስንት ወደ ስንት?

በዛሬው ትምህርት አንድ የዕብራይስጥ ቃል ብቻ እንይዛለን። ቃሉ «ለሆሪድ» ነው። ከሽኩና ጊሜል ወጥቶ አውቶቡስ የሚሳፈር፣ ሹክ የሚገበያይ፣ ኩፓት ኾሊም የሚሄድ ወይም ሥራ ውሎ የሚመለስ ሰው ይህን ቃል በየቀኑ ይሰማዋል። በየቦታው ትርጉሙ ስለሚለዋወጥ ግን በመድኃኒትም በደመወዝም ላይ ስሕተት ያመጣል።

ቃሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የዕብራይስጡ «ያራድ» የእኛው «ወረደ» ነው፤ «ያላድ» የሚሉትም የእኛው «ወለደ» ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው። ራሱ የሚወርድ ወንድ «ዮሬድ»፣ ሴት «ዮሬዴት» ትባላለች። ሌላውን ነገር የሚያወርድ «ሞሪድ»፣ ሴት «ሞሪዳ»፣ ብዙ ሲሆኑ «ሞሪዲም» ይባላሉ። «ሆሪዱ» ማለት ደግሞ «አወረዱ» ነው።

ዝምድናው ግን እስከ መንገዱ አጋማሽ ብቻ ነው የሚያደርሰን። በአማርኛ ሸክም እናወርዳለን፣ ልብስ እናወልቃለን፣ ዋጋ እንቀንሳለን፣ ትኩሳት እናበርዳለን፣ ከደመወዝ ደግሞ ይቆረጥብናል። ዕብራይስጥ ለዚህ ሁሉ «ለሆሪድ» ይላል። ልጆቻችሁም እንግሊዝኛ ሲማሩ እንዲህ ያለ ቃል ይገጥማቸዋል። «ቴክ ኦፍ» ለጃኬት ሲነገር ማውለቅ ነው፤ ለአውሮፕላን ሲነገር ከመሬት መነሣት ነው፤ ሠራተኛ አንድ ቀን «ቴክ ኦፍ» አደረገ ከተባለ ዕረፍት ወስዷል ማለት ነው። ለሁለቱም መላው አንድ ነው፤ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ተከትሎት ከሚመጣው ነገር ጋር አብሮ መያዝ።

በአውቶቡስና በሹክ

መውረጃችሁ ሲደርስ ወንድ «አኒ ዮሬድ ካን»፣ ሴት «አኒ ዮሬዴት ካን» ይበሉ። «እዚህ ወራጅ ነኝ» ማለት ነው። ሾፌሩን «ቱኻል ለሆሪድ ኦቲ ለያድ ሶሮካ?» ብትሉት «ሶሮካ አጠገብ ታወርደኛለህ?» ብላችሁታል። በሹክ ደግሞ «ኤፍሻር ለሆሪድ ባመኺር?» ማለት «ዋጋው አይቀንስም ወይ?» ነው። መጠየቅ ነውር የለውም።

በኩፓት ኾሊም

ነርሷ ሴትን «ቶሪዲ ኹልጻ»፣ ወንድን «ቶሪድ ኹልጻ» ካለች ሸሚዝ ይውለቅ ማለቷ ነው። እናቶቻችን በዚህ ጊዜ እንደሚሳቀቁ እናውቃለን። የደም ግፊት ለመለካት ብዙ ጊዜ እጅጌ መሰብሰብ ይበቃል። ስለዚህ «ራክ ሻርቩል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «እጅጌ ብቻ ይበቃል?» ማለት ነው። መውለቁ የግድ ከሆነም «ኤፍሻር ሊስጎር ቪሎን?» በሉ። መጋረጃው ይዘጋላችኋል።

«ለሆሪድ ላኻጽ ዳም» የደም ግፊትን ዝቅ ማድረግ ነው። «ለሆሪድ ሱካር» ስኳርን፣ «ለሆሪድ ኾም» ትኩሳትን መቀነስ ነው። «ላሬዴት ባሚሽካል» ሲባል ደግሞ ክብደት ቀንሱ መባላችሁ ነው።

እኛ ነርሶች ከሁሉ በላይ የምንጠነቀቅለት ግን የመድኃኒቱ ነገር ነው። «ለሆሪድ ኤት ሃሚኑን» ማለት መጠኑን መቀነስ ነው፤ ለምሳሌ ከ2 ኪኒን ወደ 1፣ ወይም ከ1 ወደ ግማሽ። መድኃኒቱን ፈጽሞ መተው «ለሃፍሲክ» ይባላል። «ኪኒኑን አውርድ» የተባለ ሰው ቀንስ ተብሎ ሳለ ጨርሶ ቢተወው ጉዳት ላይ ሊወድቅ ይችላል። አንዳንድ የግፊትና የልብ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ግፊቱን መልሶ ያሻቅበዋል። ስለዚህ ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ።

አንደኛ፦ «ለሆሪድ ኦ ለሃፍሲክ?» ልቀንስ ወይስ ላቁም?

ሁለተኛ፦ «ሚካማ ለካማ?» ከስንት ወደ ስንት?

መልሱንም በቁጥር ጽፈው እንዲሰጧችሁ ለምኑ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ 2 እና 1ን ይለያል። ኪኒኖቹንም በከረጢት ይዛችሁ ኑ፤ የትኛው እንደሚቀነስ በጣት ይጠቆማል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለታካሚው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ታዘዋል። ስለዚህ አስተርጓሚ ብትጠይቁ መብታችሁ ነው። የልጅ ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማምጣት የግድ አይደለም።

በትሉሽ ላይ

ሠራተኞች «ሆሪዱ ሊ ሜሃማስኮሬት» ሲሉ ትሰማላችሁ፤ «ከደመወዜ ቆረጡብኝ» ማለታቸው ነው። በትሉሹ ላይ ግን «ለሆሪድ» የሚል ቃል አታገኙም። እዚያ የተጻፈው «ኒኩዪም» ነው፤ ተቀናሾች ማለት ነው። «ብሩቶ» ሳይቀነስ ያለው፣ «ኔቶ» ተቀንሶ እጅ የሚገባው ነው።

«ኒኩዬ ኾቫ» የሚባሉት በሕግ የግድ የሚቀነሱት ናቸው፤ ማስ ሀኽናሳ፣ ቢቱዋኽ ለዑሚና የጤና ግብር። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮም ከደመወዝ ይቀነሳል፤ አሠሪው ግን ከራሱ ይጨምርበታል። ከእነዚህ ውጪ ያየነውን ሁሉ «አል ማ ሆሪዱ ሊ?» ብለን እንጠይቅ፤ «በምን ምክንያት ቆረጣችሁብኝ?» ማለት ነው። የ1958 የደመወዝ ጥበቃ ሕግ አሠሪው እንደ ፈለገ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሠራተኛው በጽሑፍ ፈርሞ የተቀበለው የአሠሪው ዕዳ እንኳ በሥራ ላይ እያለ ከደመወዙ ሩብ በላይ አይቀነስበትም። ስለዚህ ወረቀት ሳያስነብቡ መፈረም ደግ አይደለም።

በሁለት ቦታ የምትሠሩ በተለይ ልብ በሉ። ቴኡም ማስ ካልተደረገ ሁለተኛው አሠሪ እስከ 47 በመቶ ግብር ሊቆርጥ ይገደዳል። ጠዋት ቢሮ፣ ማታ ትምህርት ቤት የምታጸዳ እናት ሁለተኛው ደመወዟ በግማሽ ጎድሎ ብታይ ሌባ ፍለጋ ከመሄዷ በፊት «ዐሲቲ ቴኡም ማስ?» ብላ ራሷን ትጠይቅ፤ «ቴኡም ማስ አድርጌአለሁ?» ማለት ነው። ያለ አግባብ የተቆረጠ ግብር እስከ 6 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ «ሄኽዜር ማስ» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ኪጽባት ዚክና እየተቀበሉ የሚሠሩ አረጋውያንም ማረጋገጫውን ለአሠሪው ይስጡ፤ ያን ጊዜ የቢቱዋኽ ለዑሚ መዋጮ ከደመወዛቸው አይቀነስም።

መልመጃ

እነዚህን አራት አረፍተ ነገሮች ቡና ሲፈላ ከልጆቻችሁ ጋር ጮክ ብላችሁ በሉ።

«አኒ ዮሬዴት ካን።» — እዚህ ወራጅ ነኝ።

«ራክ ሻርቩል?» — እጅጌ ብቻ?

«ለሆሪድ ኦ ለሃፍሲክ? ሚካማ ለካማ?» — ልቀንስ ወይስ ላቁም? ከስንት ወደ ስንት?

«አል ማ ሆሪዱ ሊ?» — በምን ምክንያት ቆረጣችሁብኝ?

ከዚያም ያለፈውን ወር ትሉሽና የመድኃኒት ዝርዝራችሁን ጠረጴዛው ላይ አውጡ። ልጆቹ ያንብቡ፣ እናንተ ጠይቁ። «ጠያቂ ሰው መንገድ አይስትም» እንዲሉ፣ ዕብራይስጡ ቢሰባበርም ጥያቄው ከቀረበ መልስ የመስጠቱ ግዴታ የሐኪሙና የአሠሪው ነው።